አጋር ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ፣ ሽታው እኔ ድንች የምልጥበት ጓዳ ድረስ መጥቶ ያዘኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ልጅቷ ጣቶቿን እንደዘረጋች እየሮጠች መጣችና «እማማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሽታው ነው» አልኳት። መስኮቱን ከፈተችልኝ፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ። እሷ ምን ታውቃለች! ያ ሽታ ለእኔ የጥፍር ቀለም ሽታ አይደለም፤ የስቴንስል ማረሚያ ሽታ ነው። የዛሬ ልጆች ስቴንስልን አያውቁትም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሰሙን እየበሳ ያልፋል፣ ከዚያ ማባዣ መኪናው ላይ ይለጠፍና እጀታው ሲዞር ቀለሙ በቀዳዳው እየሾለከ መቶም ሁለት መቶም ወረቀት ያትማል። ስትሳሳቺ ከትንሽ ጠርሙስ ቀይ ፈሳሽ በብሩሽ ትቀቢያለሽ፣ እፍ ትይበታለሽ፣ ሲደርቅ ትክክለኛውን ፊደል ትመቺበታለሽ። እኔ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ይህን ሽታ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ። እስከዚያች ዓመት ድረስ የሥራ ሽታ ብቻ ነበር።

ሆሳዕና ያኔ እንደ ዛሬው አልሰፋችም ነበር። ከመናኸሪያው ተነስቶ የሌሞ ገጠር እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን መንገድ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ብንሄደው ነው፤ ለቸኮለ ጋሪ ነበረ፣ በሃምሳ ሳንቲም። ሻይ ስሙኒ፣ ቦምቦሊኖ ስሙኒ። መናኸሪያው ጥግ ያለው ካሴት ቤት ግማሹን ቀን የሀዲይኛ መዝሙር፣ ግማሹን ቀን የአዲስ አበባ ዘፈን ይከፍታል፤ ባለቤቱ ዕሁድ ጠዋት ዘፈን ነክቶ አያውቅም። እኛ የቢሮ ሴቶች ከጉልበት በታች የሚወርድ ፕሊሴ ቀሚስና በእጅ የተሠራ ሹራብ ነበር ልብሳችን። ክረምት ሲሆን የቆዳ ጫማችንን በላስቲክ ይዘን፣ ጭቃውን በፕላስቲክ ጫማ አቋርጠን፣ የቢሮው በር ላይ እንቀይራለን። ዓመተ ምሕረቱን ብጠቅሰው ለማንም አይጠቅምም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ስብሰባ የበዛበት፣ ሰው ሻይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ የሚያይበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ጴጥሮስ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ከዳምቦያ የመጣ ከምባታ፣ ካቶሊክ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ኮት የማይለየው ቀጭን ሰው። ታምራት እዚያው ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ ክሊኒክ ውስጥ ደም የሚመረምር፣ ቁጭ ብሎ መቆየት የማይችል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ መሰለች፣ አባቷ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ የሀዲያ ልጅ። ሦስታችንን ያገናኘን አንድ መጽሐፍ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ መምህር ሁለት ዓመት አስተምሮ አገሩ ሲመለስ ለጴጥሮስ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትቶለት ሄደ፤ ከመካከሉ ሽፋኑ ላይ ቀንዳም አውሬ የተሳለበት ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ እየተጣለ ቁጥር የሚታይበት ጠጠር፣ ተገኘ። ዳይሶቹ ባለ ስድስት ጎን ብቻ አልነበሩም፤ ባለ ስምንትም ባለ ሃያ ጎንም ነበሩባቸው። መጽሐፉ ጨዋታ ነው። ገበጣ አይደለም፣ ዳማ አይደለም፣ ካርታም አይደለም። አንዱ ሰው ታሪክ ያወራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ መራቂ ይሆኑና «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካል አይሳካም የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጴጥሮስ በተከራያት ክፍል እንሰበሰባለን። የሰው ዓይን ስለምፈራ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ጴጥሮስ ያወራል፣ ታምራት ሰይፍ ይመዛል፣ እኔ እመርቃለሁ። በመጽሐፉ እንኳ ድግምት ነበር የሚለው፤ ጴጥሮስ ለእኔና ለአባቴ ሲል «ምርቃት» ብሎ ተረጎመው።

አንድ ቅዳሜ በታሪኩ ውስጥ ድልድይ ላይ ሽፍቶች ከበቡን። እኔ ምርቃቴን ለቀቅሁ። ምርቃቱ በአሥር እርምጃ ውስጥ ላሉ አጋሮች ሁሉ ይደርሳል ይላል መጽሐፉ። ከእኛ ጋር ደግሞ ሳንጠራው መንገድ ላይ የተቀላቀለን አንድ ሽማግሌ ነበረ።

«ለሽማግሌውም ይደርሰዋል» አለ ታምራት።

«አይደርሰውም። አብሮን ሄደ እንጂ አጋራችን አይደለም» አልኩ።

«አብሮ የሄደ አጋር ካልሆነ ማን ነው አጋር?»

ጴጥሮስ መጽሐፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው። «አጋር አጋር ይላል እንጂ አጋር ማን እንደሆነ የሚናገር የለበትም» አለ ተስፋ ቆርጦ። ከዚያ ጥያቄው አለቀቀንም። ሰው ለራሱ አጋር ነው ወይ? መራቂው ራሱን ይመርቃል? ራሱን ስቶ የወደቀስ? የታሰረስ? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል? አጋሬ ያልኩት ሰው በልቡ ቢጠላኝስ? ሻዩ ቀዝቅዞ ሁለተኛ ተፈላ። እኔ «ወገን ብለን ብንተረጉመው አይሻልም?» ብል ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ። «ወገን በደም ነው መሲ። እንደዛ ካልን እኔና አንቺ ምን ልንሆን ነው? አጋር ይሁን፤ አጋር ሰው የሚመርጠው ነው» አለኝ። ቃሉ በዚያ ሰሞን «አጋር ድርጅት» እየተባለ ከሬዲዮ የማይጠፋ ቃል መሆኑ ለማናችንም አልታየንም። በመጨረሻ ጴጥሮስ የተስማማንበትን በአማርኛ ሊጽፈው፣ እኔ በስቴንስል ልመታው ተባባልን። አንጋጫና ዱራሜ የሚያስተምሩ ጓደኞቹ ጨዋታውን መማር ፈልገው ስለነበር አሥር አሥር ቅጂ ለመላክ ነው።

መታሁት። ዛሬም በቃሌ አለ። «ቁጥር አራት። አጋር ማን ነው? ሀ፣ መሪው አጋሬ ነው ብሎ የሰየመው፣ እሱም እምቢ ያላለ ሁሉ አጋር ነው። ለ፣ አብሮ መሄድ ብቻውን አጋር አያደርግም። ሐ፣ ራሱን የሳተ ወይም የታሰረ አጋር፣ በገዛ አንደበቱ እስካልካደ ድረስ አጋር ሆኖ ይቆጠራል። መ፣ ጥቃት ሲጀመር አጋሮች ከመሪው በአሥር እርምጃ ውስጥ ይሁኑ።» ጴጥሮስ ማባዣ ክፍል ሄዶ መዝገቡ ላይ «የእንግሊዝኛ መልመጃ» ብሎ ፈርሞ አተማቸው። ቀለም የፈሰሰባቸውን የተበላሹ ወረቀቶች ቅርጫት ውስጥ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የየቢሮው አሮጌ ወረቀት እየተሰበሰበ መናኸሪያ ለሚሸጡ ባለ ቆሎዎች ይሄድ ነበር፤ እነሱ እንደ ቀንድ ጠቅልለው ቆሎና ለውዝ ይሰፍሩበታል። አውቀዋለሁ፤ እኔም በገዛ እጄ የመታሁት የፈተና ወረቀት ውስጥ ቆሎ ገዝቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አላሰብኩትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ቢሮዬ ገቡ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ድረስ አምጥተዋቸው፣ ሳይገቡ ተመለሱ። አንደኛው ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ዘረጋ። የተጠቀለለበት እጥፋት ገና አልለቀቀውም፤ ጠርዙ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቋል።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ከኪሱ የትምህርት ቤታችንን የፈተና ወረቀት አወጣና ከጎኑ አስቀመጠው። የእኔ መኪና «ር»ን ከመስመር ዝቅ አድርጋ ነበር የምትመታው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ሁሉም «ር» ወድቀዋል። «አጋር» በሚለው ቃል ላይ ሁሉ።

«እስቲ ተቀመጪና ጻፊ። አጋር ማን ነው በይ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ስምንት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ የምመታቸው ፊደሎች ጠፉብኝ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩና የመኪናው ዘንጎች ተቆላለፉ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቀስ አድርጎ አለያያቸው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ሰጠሽ?»

«መምህራን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ይሄዳሉ። እኔ መምታት እንጂ ማንበብ… አላነብም።»

«መዝገቡ የመምህር ጴጥሮስን ፊርማ ይዟል። ታውቂዋለሽ?»

«በሰላምታ ብቻ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጥሩ። እንግዲህ እሱን ጻፊው።» እሱ እየነገረኝ እኔው በራሴ መኪና መታሁት፤ የተጠቀሰውን መምህር ከሰላምታ በስተቀር የማላውቅ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። «መምህር» የሚለው ላይ «ር» ዝቅ አለች። ፈረምኩ። አንድ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ በመስኮቴ በኩል ጴጥሮስን ከክፍል አውጥተው ሲወስዱት አየሁ፤ እጁ ላይ ጠመኔ አለ፣ ተማሪዎቹ መስኮት ላይ ተደራርበዋል። ወደ እኔ ቢሮ ዘወር እንዳይል ፈርቼ ጎንበስ ብዬ መሳቢያ ከፈትኩ፤ የምፈልገው ነገር ያለኝ መስዬ ወረቀት ስበትን ቆየሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ታምራት ነጭ ጋውኑን ለብሶ ደም የሚመረመርበትን መስታወት ያጥባል።

«ጴጥሮስን ወሰዱት። ወረቀቱን አግኝተውታል» አልኩት።

መስታወቱን አስቀመጠ። «ስሜን ሰጠሽ?»

«አልሰጠሁም።»

«ጴጥሮስስ ይሰጣል?»

ጋውኑን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና እናቱን እንኳ ሳይሰናበት ወደ መናኸሪያ ሄደ። መንገዱን ተሻግሬ ከካሴት ቤቱ ጥግ ቆሜ አየሁት። ደላላው «አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል፤ ታምራት መስኮት ጋ ተቀምጦ ፊቱን በክንዱ ጋርዷል። አውቶቡሱ እስኪወጣ ካሴት ቤቱ የከፈተውን ሙዚቃ እሰማ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን ብትገድሉኝ አላስታውስም። እሱ እንደሄደ ቤቴ ገብቼ፣ ስመታ የተጠቀምኩበትን መጽሐፍ ከነዳይሱ ከሣጥኔ አወጣሁ፤ በነጠላ ጠቅልዬ በጋሪ ሌሞ አክስቴ ጋ ሄድኩ። «አክስቴ፣ ይህን አቃጥይልኝ፤ ምንም አትጠይቂኝ» አልኳት። አክስቴ ሽፋኑን ገለጥ አድርጋ አውሬውን ስታይ «በኢየሱስ ስም!» ብላ መልሳ ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መኪና ከቢሮው ደጅ በቆመ ቁጥር ማን እንደወረደ በመስኮት አያለሁ። ሰው ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ። ሻይ ክበብ ስገባ አብረውኝ የሚጠጡት መምህራን ብርጭቆአቸውን ጨርሰው ሳይሆን ትተው ይነሳሉ፤ ጥፋተኛ አላደርጋቸውም፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እነሳ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ የእኔ አፍ አልከፈት ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን የጴጥሮስ ነገር አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ። የምፈራው ለራሴ ነበር። እሱ እዚያ ሆኖ ስሜን እንዳይጠራ ነበር የምጸልየው። ሃምሳ ጊዜ ያህል የቁጥር አራትን «ሐ» በልቤ አነበብኩት፤ የታሰረው በአንደበቱ እስካልካደ ድረስ ይላል። ያልታሰረው ቢክድስ ምን ይባላል የሚለውን ግን አልጻፍንም።

በዘጠነኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ጴጥሮስን የያዙበት ግቢ በር ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው አየሁ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል፣ ጭናቸው ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አለ። ዘበኛው አላስገባቸውም። ፈጠን ብዬ ላልፍ ስል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የዚህ አገር ሰው ነሽ? ከዳምቦያ ነው የመጣሁ። ልጄ እዚህ አለ። መሰለች የምትባል ጸሐፊ ጓደኛ አለችኝ ይለኝ ነበር። ታውቂያታለሽ?»

አላውቃትም ብዬ ልሄድ ነበር። ማንም አይሰማኝም።

«እኔ ነኝ እናቴ» አልኳቸው።

ሁለቱንም እጄን ያዙኝ። «ተመስገን» አሉ፣ «እንግዲያው ብቻውን አይደለማ።»

እዚያው አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ጴጥሮስን የሚያድነው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ መጽሐፉ፤ ጨዋታ መሆኑን፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምንም የለም። እኔ ደግሞ አስቃጥዬዋለሁ። ቢሆንም ሌሞ ሄድኩ፤ ጋሪ ስላጣሁ በሩጫም በእርምጃም። አክስቴ ጓሮ እንሰት ትፍቃለች።

«አክስቴ፣ ያን መጽሐፍ አቃጠልሽው?»

መፋቂያዋን መሬት አስቀመጠች። «አትቆጪኝ» አለች። «የጠንቋይ መጽሐፍ መስሎኝ ቤት ማስቀመጡን ፈራሁ። ማቃጠሉንም ፈራሁ፤ ጢሱ ከብቶቹን ቢነካብኝስ? እንሰቱ ሥር ቀበርኩት።»

ዕድሜ ይስጣት እል ነበር፣ አረፈች እንጂ። በመቆፈሪያ አወጣነው። በኮባ ጠቅልላው ስለነበር ጠርዙ ብቻ ነው የረጠበው። ቤት ስደርስ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጨዋታውን፣ ፊርማዬን፣ ታምራትን። አውሬውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ነገር አልወደውም መሰለች» አሉ። «እወደዋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ዛሬም ነገም አልወደውም።» ከዚያ ተነስተው ለሠርግና ለቀብር የሚለብሱትን ኮት ለበሱ። «ብቻሽን ግን አትገቢም።» በማግስቱ እስከ ግቢው በር ድረስ አብረውኝ መጡና ከጴጥሮስ እናት ጎን ተቀመጡ። ዘበኛው ስሜን ጽፎ አስገባኝ።

ጥቁር ጃኬት የለበሰው ሰውዬ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ገለጠው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው። ወረቀቱ የዚህ ትርጉም ነው።»

«ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን» አልኩ።

ጴጥሮስን አስጠራው። ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የገባው፤ ጢሙ አድጓል፣ ፊቱ ጠቁሯል። አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሰውዬው ወንበር ገፋልን። «አሳዩኝ» አለ። «እንዴት እንደምትጫወቱ አሳዩኝ።» በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም። ጴጥሮስ በተዘጋ ድምፅ ታሪኩን ጀመረ፤ ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ከማዶ የታጠቁ ሰዎች አሉ አለ። «የታጠቁ» ሲል ሁለታችንም ወደ ሰውዬው አየን። እኔ እመርቃለሁ አልኩ። ዳይሱን ስጥል ከጠረጴዛ ወድቆ ተንከባለለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ቁጥሩን አይቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ እኔ የመታሁትን ወረቀት አወጣ።

«እዚህ ላይ አላውቀውም ብለሻል። አሁን ደግሞ አብረሽው ትጫወቻለሽ። የትኛው ነው ውሸቱ?»

«ወረቀቱ ነው።»

«ለምን ዋሸሽ?»

«ፈርቼ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ» አልኩት።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አስጠርቶ መጽሐፉንና ወረቀቱን አስተያየ፤ ያ ሰው ሰዓት ያህል አነበበ። በዚያ ቀን እኔን ወደ ቤቴ ሰደዱኝ፤ ጴጥሮስን በማግስቱ ቀትር ላይ ለቀቁት። ሁለተኛ እንዳናባዛ አስፈረሙን፣ መጽሐፉን አስቀሩት። ለምን እንደለቀቁን አልነገሩንም፤ ለምን እንደያዙትም አልነገሩትም።

ልንቀበለው ሄደን ከግቢው ስንወጣ አባቴና የጴጥሮስ እናት ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ አባቴ በሀዲይኛ ያጽናናሉ፣ እናቱ በከምባትኛ ያመሰግናሉ፣ ሁለቱም አማርኛውን ትተውት ነበር። እኔና ጴጥሮስ ከኋላ ነን። ጭቃውን እያየሁ፣ «ጴጥሮስ፣ መጀመሪያ ቀን ላይ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በሁለተኛው ቀን አሳዩኝ። ‹ር›ዋን ሳያት ያንቺ መኪና መሆኗን አወቅሁ።»

«ተናደድክብኝ?»

«አልተናደድኩም። ፈራሁ። ማንም የለኝም ብዬ ፈራሁ።» ቆመ። እኔም ቆምኩ። «በማግስቱ የታምራትን ስም ሰጠኋቸው መሲ። አልመቱኝም እኮ። ዝም ብለው ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው።»

ታምራትን ሄደው ፈልገውት ነበር ለካ፤ አላገኙትም። ነገሩ ሲዘጋ ማንም መልሶ አልጠየቀም። እኔ አዲስ አበባ ባለ ዘመዱ በኩል ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አለቀ፣ ና አልኩት። መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። በኋላ እንደሰማሁት ደብዳቤዎቼን አንብቧቸዋል፤ ያልመለሰልኝ አስገድደው ያስጻፉኝ መስሎት ነው። በሁለተኛው ዓመት እናቱ አረፉ። አልመጣም። ለቀስተኛው ልጃቸውን በዓይኑ ይፈልጋል፣ እኔና ጴጥሮስ አንገታችንን ደፍተን ከሬሳው ኋላ እንሄዳለን። ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ጴጥሮስ ጡረታ ወጥቶ ዳምቦያ ንብ ያረባል፤ ያን ጨዋታ ግን ዳግመኛ አልነካውም። ታምራትም ለመስቀል አገሩ ይመጣል፣ ቤቴ ገብቶ ይበላል፣ የልጅ ልጄን ያስቃታል። ስለዚያ ጊዜ ግን ደግመን አውርተን አናውቅም፤ የመጨረሻ ያወራነው እናቱ በተቀበሩ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኔና ጴጥሮስ በአሥራ አምስት ብር አውቶቡስ ተሳፍረን አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ነው።

ዘመዱ የነገሩንን ሰፈር ጠይቀን ደረስን። ረፋድ ነው። የቆርቆሮ በር አንኳኳን። የእግር ኮቴ መጣ፣ ከበሩ ኋላ ቆመ። በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚያይ ዓይን ታየኝ።

«ማን ላካችሁ?» አለ ታምራት።

«ማንም አልላከንም» አልኩት። «መሰለች ነኝ። እናትህን ቀበርን። ማንም አይፈልግህም፤ ና ወደ ቤትህ እንሂድ።»

መንገዱ ላይ ሰው አለፈ፤ እስኪያልፍ ድረስ ምንም አልተናገረም።

«ጴጥሮስ» አለ ከዚያ፣ «ስሜን ሰጥተሃል?»

ጴጥሮስን አየሁት። አልሰጠሁም ቢለው ማን ያውቃል? እኔ እንኳ በልቤ እንዲዋሽ ለምኜው ነበር።

«ሰጥቻለሁ» አለ ጴጥሮስ። «በሦስተኛው ቀን። ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ቆየን። እግሬ ደነዘዘ። መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ በሩ አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ። ታምራት ከስቷል። እጄን ዘርግቼ ስጠጋው እኔንም ጴጥሮስንም አላየንም፤ ከኋላችን ያለውን መንገድ ነበር የሚያየው።